ደም ማቆሚያው ትራኔክሳሚክ አሲድ፦ ጅማ ላይ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በጅማ ከመድኃኒት ቤት መስኮት ጀርባ ቆሜ ለዓመታት የተጠየቅኋቸው ናቸው፤ ከቀላሉ ጀምሬ ወደ ከበደው እሄዳለሁ።

«ደም ማቆሚያ» የሚባለው መድኃኒት የትኛው ነው?

ሰው «ደም ማቆሚያ ስጠኝ» ሲለኝ ብዙውን ጊዜ የሚፈልገው ትራኔክሳሚክ አሲድን ነው። የሚዋጠው ኪኒን ባብዛኛው 500 ሚሊግራም ነው። በደም ሥር የሚሰጠው በትንንሽ ብልቃጥ ይመጣል፤ አንዱ ብልቃጥ በብዛት 5 ሚሊ ሊትር ሆኖ 500 ሚሊግራም ይይዛል። ስለዚህ ሐኪሙ «አንድ ግራም» ብሎ ካዘዘ ሁለት ብልቃጥ ማለት ነው። አንድ ብቻ ገዝቶ የሚሮጥ ሰው ስላየሁ ነው ይህን ከሁሉ በፊት የማነሣው።

መድኃኒቱን ያገኙት ኡታኮ ኦካሞቶና ሾሱኬ ኦካሞቶ የተባሉ ጃፓናውያን ባልና ሚስት ተመራማሪዎች ናቸው። ግኝታቸውን ይፋ ያደረጉት በፈረንጆቹ 1962 ነበር (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታትም ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው)። ኡታኮ ከወሊድ በኋላ ደም እየፈሰሳቸው የሚሞቱ እናቶችን ያድናል ብለው ቢያምኑም በጊዜው የነበሩትን የማኅፀን ሐኪሞች ማሳመን አልቻሉም። እውነታቸውን እንደነበር በትልቅ ጥናት የታየው በ2017 ነው፤ እሳቸው በ98 ዓመታቸው ካረፉ አንድ ዓመት ሆኖት ነበር።

ታዲያ ደምን ያረጋል ማለት ነው?

አያረጋም። ደምን የሚያረጋው ሰውነታችን ራሱ ነው። ሥጋ ሲቆረጥ ፕሌትሌት የሚባሉት የደም ክፍሎች ተሰብስበው ቀዳዳውን ይደፍናሉ፤ በላዩ ላይ ፋይብሪን የተባለ ክር እንደ መረብ ይጠላለፍበታል። ሰውነት ይህን መረብ፣ ሥራው ሲያልቅ የሚያሟሟበት ፕላዝሚን የሚባል ነገርም አለው። ችግሩ ከባድ ደም መፍሰስ ሲመጣ ማሟሟቱ ያለጊዜው መጀመሩ ነው። ሰውነት በአንድ በኩል ይገድባል፣ በሌላ በኩል ያፈርሳል። ትራኔክሳሚክ አሲድ የሚሠራው እዚህ ላይ ነው፦ አሟሚው ከክሩ ጋር እንዳይያያዝ ይከለክለዋል፤ የተሠራው ግድብ ሳይፈርስ ይቆያል።

ይህን የተረዳ ሰው የቀረውን ሁሉ ይረዳል። ግድብ ካልተሠራ መድኃኒቱ የሚጠብቀው ነገር የለም፤ ስለዚህ ቁስልን በእጅ መጫን አይቀርም። የተተረተረ ትልቅ የደም ሥር ደግሞ መስፋት እንጂ ኪኒን አያቆመውም።

ቁስል ላይ የተፈጨ ቡና መነስነስ ደም ያቆማል?

ቡና አገር ነንና ይህን ያላየ ሰው ጅማ ውስጥ ያለ አይመስለኝም። ቡና ለቀማ ላይ ወይም እንጨት ሲፈልጥ ገጀራ ያገኘው ሰው እጁ በቡና ዱቄት ተሸፍኖ ይመጣል። ቡናውን የነሰነሱት ሰዎች በላዩ ላይ ጨርቅ አድርገው አጥብቀው ይይዙታል፤ ደሙን ያቆመው አያያዛቸው ነው። ቡናው ግን ቁስሉ ውስጥ ይጋገራል። ነርሷ ጥልቀቱን ለማየት ማጠብ ይኖርባታል፣ ስታጥበው የረጋው ደም አብሮ ይነሣል፣ መድማቱ እንደገና ይጀምራል። ቆሻሻም ይገባበታል።

ንጹሕ ጨርቅ ወይም የታጠበ ነጠላ አጥፈው ቁስሉ ላይ በመዳፍ ይጫኑ። አሥር ደቂቃ ሙሉ፣ «ቆመ ወይ?» ብለው ሳይገልጡ። ጨርቁ ከራሰ አያንሡት፤ ሌላ ይደርቡበት። ከእጅ ወይም ከእግር ደም እየተረጨ ከወጣና በመጫን እምቢ ካለ፣ ሰፋ ባለ ጨርቅ ከቁስሉ በላይ ጥብቅ አድርገው አስረው ያሰሩበትን ሰዓት ይያዙና ወደ ሕክምና ይብረሩ። ጤና ጣቢያ ሲደርሱ የቴታነስ ክትባት ጉዳይ ይነሣ፤ ብዙ ሰው ይረሳዋል።

ለነስርና ለተነቀለ ጥርስ ኪኒኑን ልውሰድ?

ለአብዛኛው ነስር አያስፈልግም። ጭንቅላት ወደ ኋላ አስደግፎ ውኃ ማፍሰስ የኖረ ልማድ ነው፤ ደሙን ወደ ጉሮሮ ከመላክ በቀር አይጠቅምም። ቁጭ ብለው ወደ ፊት ጎንበስ ይበሉ፣ ለስላሳውን የአፍንጫ ክፍል በሁለት ጣት ጨምቀው ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይያዙ፣ በአፍ ይተንፍሱ። ግማሽ ሰዓት ካለፈውና ካልቆመ ሐኪም ይየው። በመድኃኒቱ የተነከረ ጥጥ አፍንጫ ውስጥ ማድረግ በብሪታንያ በጥናት ተሞክሮ ነበር፤ በ2021 የታተመው ውጤት በንጹሕ ውኃ ከተነከረው ብልጫ አላሳየም።

ጥርስ ሲነቀል ደግሞ የተሰጠዎትን ጎዝ ግማሽ ሰዓት ያህል ነክሰው ይያዙ፤ በዚያን ዕለት አይጉመጥመጡ፣ አፍዎን እየመጠጡ አይትፉ፣ ትኩስ ቡናም ይቅርብዎት። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ሰው ከሆነ የጥርስ ሐኪሙ ትራኔክሳሚክ አሲድን መጉመጥመጫ አድርጎ ሊያዝለት ይችላል። ስለዚህ ከመነቀሉ በፊት መናገር አለበት።

የወር አበባዬ በጣም ይበዛል፤ ይረዳኛል?

አዎ፣ ኪኒኑ ከሁሉ በላይ የተመሰከረለት እዚህ ላይ ነው። የሚፈሰውን ደም ወደ ግማሽ ሊጠጋ በሚችል መጠን ይቀንሳል። የተለመደው አወሳሰድ 1 ግራም፣ ማለትም ሁለት ባለ 500 ኪኒን፣ በቀን ሦስት ጊዜ ነው። የሚጀመረው ደሙ መብዛት ሲጀምር ነው፤ ከአራትና ከአምስት ቀን አያልፍም። «እንዳይመጣብኝ» ብሎ አስቀድሞ መዋጥ ጥቅም የለውም፤ ሆርሞን ስላልሆነ የወር አበባን ቀን አይቀይርም፣ እርግዝናንም አይከላከልም።

ነገር ግን መድኃኒቱ መብዛቱን እንጂ ምክንያቱን አያክምም። የማኅፀን ዕጢ ሊሆን ይችላል፣ ያልታወቀ እርግዝና መቋረጥ ሊሆን ይችላል፣ በትውልድ የመጣ የደም አለመርጋት ችግርም ሊሆን ይችላል። ከማረጥ በኋላ የመጣ ደም ከሆነ ኪኒን ሳይፈለግ በቀጥታ ምርመራ ነው።

ደሙ ለወራት ሲፈስ የኖረባት ሴት ብዙ ጊዜ ደም ማነስ አብሮ ይኖርባታል፤ አይረን ይታዘዝላታል። እዚህ ላይ የእኛ አገር ፈተና ይመጣል፦ ቡናና ሻይ አይረን ወደ ደም እንዳይገባ ያግዳሉ። ኪኒኑን በአቦል የምታወራርድ እህት አይረኑን በከንቱ ትውጠዋለች። ቢያንስ የሁለት ሰዓት ልዩነት ይኑረው። ቡናውን ተይ አልልም፤ ጅማ ላይ ይህን ብል ማን ይሰማኛል?

ከወሊድ በኋላ ደም ሲበዛ መቼ ነው የሚሰጠው?

ይህን ጥያቄ የሚጠይቁኝ ባሎችና አማቶች ናቸው፤ ብዙ ጊዜም ከዘገየ በኋላ። ከወሊድ በኋላ በተለመደው መለኪያ ከግማሽ ሊትር በላይ ደም ከፈሰሰ አደገኛ ነው ይባላል። በዓይን ለመገመት ትንሿን ባለ ግማሽ ሊትር ሃይላንድ ያስቡ። ቤት ውስጥ ግን ደም በጠርሙስ አይሰፈርም፤ ጨርቅና ፍራሽ ይውጠዋል። ስለዚህ ሞዴሱ ወይም ጨርቁ በሰዓት ውስጥ እየራሰ ከተቀየረ፣ ትልልቅ የረጋ ደም ከወጣ፣ እናትየዋ ካላባት፣ ዓይኗ ከጨለመባት፣ ልቧ በፍጥነት ከመታ ልኬት አይጠበቅም።

የዓለም ጤና ድርጅት ከ2017 ጀምሮ የሚመክረው እንዲህ ነው፦ ከወለደች በሦስት ሰዓት ውስጥ 1 ግራም በደም ሥር፣ በአሥር ደቂቃ ቀስ ተብሎ ይሰጣታል። ከ30 ደቂቃ በኋላ አሁንም ከፈሰሰ፣ ወይም ቆሞ በ24 ሰዓት ውስጥ ከተመለሰ፣ ሁለተኛ 1 ግራም ይሰጣል። በምጥም ትውለድ በኦፕራሲዮን ልዩነት የለውም። ይህ ምክር የተመሠረተበት ጥናት 20,060 እናቶችን የያዘ ነበር፤ በሦስት ሰዓት ውስጥ ከተሰጣቸው መካከል በደም መፍሰስ የሞቱት 1.2 በመቶ ሲሆኑ ካልተሰጣቸው መካከል 1.7 በመቶ ነበሩ። ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል። በየዓመቱ የሚወልዱትን እናቶች ብዛት ላሰበ ግን ትንሽ አይደለም።

መድኃኒቱ ብቻውን አይሰጥም። ማኅፀን እንዲኮማተር የሚያደርገው ኦክሲቶሲን ይቀድማል፤ ሆድ ላይ ማኅፀኑን ማሸት፣ የእንግዴ ልጁ ተቆርጦ ቀርቶ እንደሆነ ማየት፣ በደም ሥር ፈሳሽ መስጠት፣ ካስፈለገም ደም መስጠት አብረው ይሄዳሉ። በኦክሲቶሲን ፋንታ የሚሰጥ የሚመስላቸው አሉ፤ አይደለም። ጡት ለማጥባትም እንቅፋት አይሆንም፤ ወደ ወተት የሚያልፈው በጣም ጥቂት ነው።

አንድ ሌሊት አንድ ባል ማዘዣ ጨብጦ እያለከለከ መጣ። ሚስቱ ያለችበት የጤና ተቋም መድኃኒቱን ጨርሶ ኖሮ «ከውጭ ግዛ» ተብሎ ነው፤ እኔ ጋ ከመድረሱ በፊት የዞረባቸው ሁለት መድኃኒት ቤቶች ተዘግተው ነበር። በባጃጅ ተመልሶ ደረሰ፣ እሷም ተረፈች። ያ የጠፋው ጊዜ ግን እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ስለዚህ ለእርግዝና ክትትል ስትሄዱ ያለ ሐፍረት ጠይቁ፦ «ኦክሲቶሲንና ትራኔክሳሚክ አሲድ አላችሁ?» ቤታችሁ ሩቅ ገጠር ከሆነ ደግሞ ብዙ ጤና ጣቢያዎች የእናቶች ማቆያ አላቸው፤ ቀኑ ሲቀርብ እዚያ መግባት ይቻላል።

ለምን ሦስት ሰዓት? አራት ቢሆን ምን ይለያል?

ያንን የግድብ ነገር ያስታውሱ። መድኃኒቱ የሚጠብቀው ግድቡ ሳይፈርስ ነው። የሁለት ትልልቅ ጥናቶች መረጃ አንድ ላይ ሲታይ፣ በየ15 ደቂቃው መዘግየት ከጥቅሙ 10 በመቶ ያህሉ እየተቀነሰ ይሄዳል፤ ሦስት ሰዓት ሲሞላ ጥቅሙ ያልቃል።

ከዚያ በኋላ መስጠት ደግሞ ጥቅም ማጣት ብቻ አይደለም። በ2010 በወጣው፣ በ40 አገሮች ከ20,000 በላይ የአደጋ ተጎጂዎችን በያዘው ጥናት፣ ከሦስት ሰዓት በኋላ መድኃኒቱ ከተሰጣቸው መካከል በመድማት የሞቱት 4.4 በመቶ ሲሆኑ ካልተሰጣቸው መካከል 3.1 በመቶ ነበሩ። ሐኪሙ «አልፏል፣ አልሰጥም» ቢልዎት ስስት እንዳይመስልዎት።

ስለዚህ ደሙ የጀመረበትን ሰዓት ማወቅ ራሱ ሕክምና ነው። ስልክዎ ላይ ይጻፉት። ሲናገሩም «ሁለት ሰዓት ላይ» ብቻ አይበሉ፤ ሕክምና ቤት መዝገብ ብዙ ጊዜ በፈረንጅ ሰዓት ስለሚጻፍ ስድስት ሰዓት የሚያሳስት ነገር ይፈጠራል። «ከምሽቱ ሁለት ሰዓት፣ በእኛ አቆጣጠር» ብለው ይጨርሱት።

በመኪና ወይም በባጃጅ አደጋ ለተጎዳስ?

ብዙ ደም ለፈሰሰው ወይም በሆዱና በደረቱ ውስጥ ይፈሳል ተብሎ ለሚጠረጠር ሰው ይሰጣል፤ 1 ግራም በአሥር ደቂቃ፣ ቀጥሎ 1 ግራም በስምንት ሰዓት ውስጥ ቀስ እያለ። የሦስት ሰዓቱ ሕግ እዚህም ያው ነው፤ በመጀመሪያው ሰዓት ከሆነ ደግሞ ከሁሉ የተሻለ ነው። ከሰቃ፣ ከዴዶ ወይም ከአጋሮ በኩል ተጎጂ ሲመጣ በመንገድ ላይ የሚቃጠለው ይህ ሰዓት ነው። መጀመሪያ የሚያገኙት ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ማስጀመር ከቻለ እዚያው ተጀምሮለት ወደ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ይላክ። የተሰጠበት ሰዓት በሪፈር ወረቀቱ ላይ መጻፉንም ይዩ።

ለተወለደ ሕፃን የሚወጋው «የደም መድኃኒት» ይኸው ነው?

አይደለም። ለሕፃኑ ጭኑ ላይ የሚወጋው ቫይታሚን ኬ ነው፤ ባብዛኛው 1 ሚሊግራም፣ አንድ ጊዜ። ሕፃናት ሲወለዱ ይህ ቫይታሚን በጣም ጥቂት ስላላቸው አንዳንዶቹ በአንጎል ወይም በአንጀት ውስጥ ሊደሙ ይችላሉ፤ መርፌው ያንን ይከላከላል። እምቢ የሚሉ ወላጆችን አይቻለሁ፤ እባካችሁ አትከልክሉ።

መድኃኒቱ ራሱ ደም አርግቶ አይገልም? ማን አይውሰደው?

ፍርሃቱ መነሻ አለው። በትልልቆቹ የወሊድና የአደጋ ጥናቶች በእግር፣ በሳንባ ወይም በልብ የደም መርጋት በመድኃኒቱ ምክንያት ሲጨምር አልታየም። ሆኖም አሁን በእግሩ ወይም በሳንባው ደም የረጋበት ሰው አይወስድም፤ ከዚህ በፊት የነበረበትም ሐኪሙን ሳያማክር አይነካውም። ኢስትሮጅን ያለበት የሚዋጥ የእርግዝና መከላከያ የምትወስድ ሴትም እንዲሁ፤ ሁለቱ አንድ ላይ ለመርጋት አደጋ ያጋልጣሉ።

መድኃኒቱ የሚወጣው በኩላሊት ነው። ኩላሊቱ የደከመ ሰው መጠኑ ይቀነስለታል ወይም ይከለከላል። የሚጥል በሽታ ያለበት ይናገር፤ መጠኑ ሲበዛ ማንቀጥቀጥ ያመጣል። ሽንቱ ደም የሆነ ሰው ደግሞ ከመስኮቴ ኪኒን ገዝቶ ሲሄድ ደስ አይለኝም፤ ከኩላሊት የሚመጣ ደም ቱቦው ውስጥ ረግቶ ሽንት ሊዘጋ ይችላል። ቀላሉ የጎንዮሽ ጉዳት ማቅለሽለሽ፣ ተቅማጥና ራስ ምታት ነው። ዓይንዎ ቀለም የሚለይበት ሁኔታ ከተለወጠብዎት፣ አንድ እግር ብቻ አብጦ ካመመዎት ወይም ድንገት ትንፋሽ ካጠረዎት አቁመው ወዲያውኑ ይታዩ።

ለማዲያት የሚቀባው ትራኔክሳሚክ አሲድም ይኸው ነው?

ስሙም ነገሩም አንድ ነው። ፊት ላይ የሚቀባው ወደ ደም የሚገባው በጣም ጥቂት ነው፤ እሱ አያስጨንቀኝም። የሚያስጨንቀኝ ማዲያት ለማጥፋት ኪኒኑን ለወራት የምትውጥ ልጅ ናት። የቆዳ ሐኪሞች በአነስተኛ መጠን የሚያዙበት ጊዜ አለ፤ የደም መርጋት ታሪኳን ጠይቀው፣ እየተከታተሉ። ጓደኛ በነገራት መጠን መዋጥ፣ ያውም ከእርግዝና መከላከያ ኪኒን ጋር፣ አይሆንም።

ደም ያስመለሰ ሰው ወይም እባብ የነደፈው ሰው ይውሰድ?

ደም ለሚያስመልስ ወይም እንደ ሬንጅ የጠቆረ ሰገራ ለሚወጣው ሰው ትራኔክሳሚክ አሲድ ትርፍ የለውም። ከ12,000 በላይ ሕመምተኞች የተሳተፉበትና በ2020 የወጣው ጥናት ሞትን እንዳልቀነሰ፣ ይልቁንም በእግርና በሳንባ ደም መርጋትንና ማንቀጥቀጥን እንደጨመረ አሳይቷል። እንዲህ ያለው ሰው የሚያስፈልገው ሆስፒታል ነው። ለጨጓራና ለወገብ ሕመም የሚዋጡት ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፊንም ይቁሙ፤ አንዳንዴ ያደሙት እነሱ ናቸው።

የእባብ መርዝ ደምን የሚያበላሽበት መንገድ ሌላ ነው፤ የሚያስተካክለው የመርዙ ማርከሻ ነው። ደም የሚያቀጥነውን ዋርፋሪን ወስዶ ለደማ ሰውም እንዲሁ መፍትሔው ዋርፋሪኑን መቀልበስ ነው፤ ቫይታሚን ኬ ይሰጠዋል፣ እሱም ሥራው ሰዓታት ስለሚፈጅ በጠና ለደማ ሰው ሌላ ይጨመርለታል።

ለሙያ ባልደረቦቼ፦ ብልቃጡን ለብቻው አስቀምጡ የሚባለው ለምንድን ነው?

በኦፕራሲዮን ክፍል ለወገብ ማደንዘዣ ከሚሰጠው ቡፒቫኬይን ብልቃጥ ጋር ስለሚመሳሰል ነው። ትራኔክሳሚክ አሲድ በስሕተት ወደ ሕብለ ሠረሰር ከገባ ብርቱ ማንቀጥቀጥ ያመጣል፤ ብዙዎች ሞተውበታል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 ማስጠንቀቂያ አውጥቶበታል። የማደንዘዣው ትሪ ላይ፣ መሳቢያው ውስጥም ጎን ለጎን አታስቀምጡት፤ ስትቀዱም ስሙን ድምፅ አውጥታችሁ አንብቡ።

ሦስት ሰዓት አልፎን ብንደርስስ?

ይምጡ፤ «አልፏል» ብሎ ቤት መቅረት ከሁሉ የከፋ ነው። ያለፈው የአንድ መድኃኒት ጊዜ ነው። ማኅፀን የሚያኮማትሩት መድኃኒቶች፣ መስፋቱ፣ ኦፕራሲዮኑና ደም መስጠቱ ሰዓት አላለፈባቸውም። ሲመጡ ሁለት ጤነኛ ዘመዶች አስከትለው ይምጡ፤ ዕድሜያቸው ከ18 በላይ፣ ክብደታቸው ቢያንስ 45 ኪሎ የሆነ፣ በልተው የመጡ። ደም ባንክ ውስጥ ያለው ደም ለእርስዎ ከወጣ፣ ለሚቀጥለው ሰው የሚተካው እነሱ የሚሰጡት ነው።